ሲየና 2006፣ 178,000 ኪ.ሜ.፦ ለስድስት ሰው ቤተሰብ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የመንታ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ቤት ውስጥ ስድስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ሦስት ዓመት የሞላቸው መንትዮች እና እናቴ። አሁን ያለችን አምስት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና ናት። ሁለቱን የሕፃን ወንበር ከኋላ ካሰርኩ በኋላ መሃል ላይ የምትተርፈው ቦታ ለትልቋ ልጄ ብቻ ትበቃለች። የትም ስንሄድ አንድ ሰው ቤት ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የምትቀረው እናቴ ናት። «እኔ እቤት ይሻለኛል» ትላለች፤ እንደማይሻላት ግን አውቃለሁ።

ያገለገለ ሚኒቫን አግኝተናል። ቶዮታ ሲየና፣ እ.ኤ.አ. የ2006 ምርት፣ 3.3 ሊትር ሞተር፣ ባለ ስምንት ወንበር። ዳሽቦርዱ ላይ 178,000 ኪ.ሜ. ይላል። ሻጩ ሁለተኛ ባለቤት ነኝ ብሎናል። የሞተሩ ቺንጋ ተቀይሯል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ምንም ችግር የለበትም ይላል። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹም አዲስ ልባስ ለብሰዋል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ነድቼው ወደድኩት።

ቅዳሜ ደግመን ልናየው ቀጥረናል። መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ። ግን እኔ ራሴ በዓይኔ ማየት የምችለውንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ምን ልይ?

ጋሼ መፍቻ

ልጄ፣ ቀድመሽ መጠየቅሽ ደግ ነው። እኔ ከሞተሩ ልጀምር፤ የቀረውን ሌሎቹ ይሞሉታል።

ከመሄድሽ በፊት ለሻጩ ደውይና «እስክንመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው» በዪው። ስትደርሺ መጀመሪያ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አሳርፊ። ሞቆ ካገኘሽው ሌላ ቀን ተመለሺ። አድሮ የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅና የሚያወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል። ከሞቀ በኋላ ያ ሁሉ ይደበቃል።

ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ነጭ ጭስ ጠዋት ላይ ትንሽ ቢታይ ግድ የለም፣ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሞቆም ካላቆመና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ግን የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ያኔ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ያሰጋል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። ሲሞቅ በፍጹም እንዳትነኪው፣ ያቃጥላል። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ወይም ዝገት ካየሽ ጥሩ ምልክት አይደለም። የዘይት መሙያውን ክዳንም ገልብጠሽ እዪ። ወተት የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ዘይት መለኪያውንም አውጥተሽ አስተያዪ። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ላይ ትንሽ ሊያሳይ ይችላል፤ መለኪያው ላይም ካለ ግን ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል።

አሁን ወደ ቺንጋው፤ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አገናኝቶ እኩል ወደሚያዞረው ቀበቶ። ሲየና ከ2004 እስከ 2006 በ3.3 ሊትር ሞተር ነው የመጣው። ይህ ሞተር የሚሠራው በላስቲክ ቺንጋ ነው። ከ2007 ጀምሮ የመጣው 3.5 ሊትር ግን ሰንሰለት አለው። ቺንጋው በ145,000 ኪ.ሜ. ገደማ መቀየር አለበት። ስለዚህ ያንቺ መኪና ወይ ተቀይሮለታል ወይ ጊዜው አልፎበታል። «ተቀይሯል» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ደረሰኝ ጠይቂ። ደረሰኝ ከጠፋ የቺንጋው መክደኛ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ፈልጊ። ጥንቁቅ መካኒክ ቺንጋ ሲቀይር ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጽፎ ይለጥፋል። የውሃ ፓምፑም አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቂ። ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው፤ እሱን ትቶ ቺንጋ ብቻ መቀየር አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ሦስተኛው ረድፍ

ጋሼ ሞተሩን ጨርሰውታል። እኔ አራት ልጆች አሉኝ፤ ስለ ወንበሩ ልናገር። ሁሉም ሰው ሚኒቫን ሲያይ ከሾፌሩ ቦታ ይጀምራል። ቤተሰቡ የሚኖረው ግን ከኋላ ነው።

ቅዳሜ ሁሉንም ይዘሽ ሂጂ። ልጆቹንም፣ እናትሽንም፣ ሁለቱን የሕፃን ወንበርም። የሕፃን ወንበሮቹን እዚያው እሰሪያቸው። በወንበሩ ጀርባና መቀመጫ መገናኛ ላይ ጣትሽን ስደጂ፤ የብረት ማሰሪያ ቀለበት ታገኛለሽ። ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሪ፤ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አይኖርም። ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ የላይኛውን ማሰሪያ የምትቆልፊበት ቀለበት መኖር አለበት። አዲሱ የወንበር ልባስ እነዚህን ሸፍኗቸው ሊሆን ይችላል። ልባሱን ገልጠሽ ሥሩን ማየትም አትርሺ። አዲስ ልባስ አንዳንዴ ለጌጥ፣ አንዳንዴ ለመሸፈን ነው የሚገባው።

ሁለቱ የሕፃን ወንበሮች ታስረው እያለ ትልቋ ልጅሽ ማንንም ሳታስነሳ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ማለፍ ትችላለች? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ሳልሞክር ገዝቼ በየቀኑ ጠዋት አንዱን የሕፃን ወንበር እየፈታሁ አስር ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ።

አንቺ ራስሽም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ በዪ፤ ባለቤትሽ አሥር ደቂቃ ይንዳ። ጉልበትሽ የት ይደርሳል? የራስ መደገፊያው በቦታው አለ? ብዙዎቹ ወልቀው ጋራዥ ውስጥ ይቀራሉ። የሁሉንም ቀበቶ እሰሪ፣ ፍቺ፣ በፍጥነት ሳብ አድርጊ፤ መያዝ አለበት። የኋላው ኤሲ ይቀዘቅዛል? ከፊት በረዶ እየነፋ ከኋላ ሞቃት አየር የሚያወጣ ብዙ አይቻለሁ።

ከዚያ ተንሸራታች በሮቹ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ከሆነ ሜዳ ላይ ብቻ አትሞክሪያቸው። መኪናው አቀበት ላይ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ይቁም፤ ከዚያ ክፈቻቸው፣ ዝጊያቸው። ሞተሩ የደከመ ወይም ገመዱ የተበላ በር እዚያ ላይ ነው መሃል መንገድ የሚቆመው። ሲዘጋ እንቅፋት ካገኘ መመለሱን ደግሞ በለስላሳ ነገር፣ በተጠቀለለ ፎጣ ሞክሪ። በልጅ እጅ እንዳይሆን።

ዝናብ ያስተማረኝ

የኔን ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሚኒቫን ገዛን። ስሙን ትቼዋለሁ፣ ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም። ውስጡ ይሸት ነበር፤ ጥሩ ሽታ። የመኪና ሽቶ ሦስት ቦታ ተንጠልጥሎ ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከሁለት ወር በኋላ መብራቶቹ በራሳቸው ይበሩና ይጠፉ ጀመር። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ምንም ሳይፈታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ቀበቶ ያዘና እስከ መጨረሻው ጎትቶ አወጣው። የመጨረሻው ክንድ ላይ ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር ነበር። ከመስመሩ በታች ጭቃማ፣ ከመስመሩ በላይ ንጹሕ። ውሃው እስከዚያ ድረስ ገብቶ ቆሞ ነበር። ወንበርና ምንጣፍ ታጥቧል፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ቀበቶ ግን ማንም አላሰበውም።

ስለዚህ ሁሉንም ቀበቶ እስከ መጨረሻው ጎትቺ። የወንበሮቹን ሐዲድ ዝገት እዪ። ምንጣፉን ጥግ ላይ ገልጠሽ ዳብሺ። የመለዋወጫ ጎማው ዕቃ ያለበትን ጉድጓድም እዪ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከፍ ያለ ወዳድ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣና፦ ለምን ሚኒቫን? ሰባት ወንበር ያለው ከፍ ያለ መኪና ብትፈልጉስ? መጥፎ መንገድ ላይ ሆዱ አይነካም፣ ሲሸጥም ፈላጊ አለው።

ሦስተኛው ረድፍ

መንገዱ ድንጋይ ከሆነ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን የብዙዎቹ ሦስተኛ ረድፍ ለልጅ እንኳን ይጠብባል፤ ሰው ሲሞላ ለዕቃ የሚተርፈው አንድ ክንድ ነው። ሲየናን የመሰለ ሚኒቫን ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ ስምንት ሰው ተቀምጦም የሕፃን ጋሪ ይገባል። ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። የመንታ እናት፣ እናትሽ ጉልበት ያማቸዋል?

የመንታ እናት

አዎ፣ ሁለቱንም ጉልበት። የወንድሜ መኪና ከፍ ያለ ስለሆነ እኔና ባለቤቴ ከግራና ከቀኝ ደግፈን ነው የምናስገባት። ሲየናው ላይ ግን ባለፈው ይዣት ሄጄ አላየሁም። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ ካምቢዮውን እንዴት ነው የማውቀው? አውቶማቲክ ነው።

ጋሼ መፍቻ

ጥሩ ጠየቅሽ። የሚኒቫን ሸክሙ ካምቢዮው ላይ ነው የሚያርፈው። ባዶውን ሲነዳ ምንም የማያሳይ፣ ሰባት ሰው ጭኖ አቀበት ሲወጣ ያንሸራትታል። ስለዚህ እህታችን እንዳለችው ቤተሰቡን ጭነሽ ንጂ።

ፍሬን ይዘሽ ከፓርክ ወደ ኋላ ማርሽ፣ ከዚያ ወደ ፊት አስገቢ። ቶሎና በልስላሴ መያዝ አለበት። ሁለት ሰከንድ አስቦ «ደግ» ብሎ ከያዘ ችግር አለ። አቀበት ላይ ስትነጂ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናው ካልፈጠነ እያንሸራተተ ነው። የካምቢዮ ዘይቱን መካኒክሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠብጥበው። ቀይ ወይም ትንሽ ጠየም ያለ ይሁን። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ተዪው፤ የካምቢዮ ጥገና የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል።

መኪናው ይነሣና ሥሩ ይታይ። በብዙ ሚኒቫኖች የኋላውን ኤሲና ማሞቂያ የሚያገለግሉት ቱቦዎች ከሥር እስከ ኋላ ድረስ ይሄዳሉ። ዝገት የሚበላቸው እዚያ ነው። ስኮርት ጎማውም ከሥር በገመድ ነው የሚንጠለጠለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ1998 እስከ 2010 የተሠሩ 600,000 ገደማ ሲየናዎችን በዚህ ገመድ ምክንያት ለማስተካከል መልሶ ጠርቶ ነበር፤ ጨው በሚበተንበት ቀዝቃዛ አካባቢ ገመዱ ዝጎ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል። ጎማው ካለ አስወርጂው፤ ይወርድ፣ ይመለስ።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ሲሰካ ደግሞ «ስህተት የለም» በሚለው ብቻ አትርኪ። ሻጭ ከመምጣትሽ በፊት ስህተቱን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች እንደገና ለመጨረስ ብዙ መንዳት ይፈልጋል። መካኒኩ «ፈተናዎቹ ተጠናቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም?» የሚለውን ይይልሽ። አብዛኞቹ ያልተጠናቀቁ ከሆነ በቅርቡ ተጠርጓል፣ ወይም ባትሪው ተፈትቶ ነበር።

አዲስ አባት

ክሩን እየተከታተልኩ ነው፣ እኔም ልገዛ ነው። ጋሼ፣ ስለ ጥሪ ሲያነሡ፤ አዲሶቹ ላይስ አለ?

ጋሼ መፍቻ

አለ እንጂ። ከ2011 እስከ 2014 ያሉ ሲየናዎች ታካታ የሚባለው ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ጥሪ ውስጥ አሉ፣ በተሳፋሪው በኩል። ከ2011 እስከ 2016 ያሉት ደግሞ በተንሸራታች በራቸው ተጠርተዋል፤ የበሩ ሞተር ሲበላሽ በሩ እየተሄደ ሊከፈት ይችል ነበር። ሌላው ሚኒቫን፣ ሆንዳ ኦዲሴ፣ ከ2011 እስከ 2017 በሁለተኛው ረድፍ ወንበር ተጠርቷል፤ በትክክል ካልተቆለፈ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ይገለበጣል። ጥሪ መኖሩ መኪናውን መጥፎ አያደርገውም። መሠራቱን ማረጋገጥ ነው ዋናው። የሻሲ ቁጥሩን፣ አሥራ ሰባቱንም ፊደልና አኃዝ፣ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ አሥረኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል፤ የ2006 ከሆነ 6 ነው።

የመንታ እናት

ቅዳሜ ሄድን። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

እንደደረስን እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግሁ። ሞቅ ብሎ ነበር። ሻጩ «ቦታ ላስተካክል ብዬ ነው ያስነሳሁት» አለኝ። አልተከራከርኩም። ሌላውን ሁሉ ዛሬ አይቼ ሞተሩን ነገ ጠዋት እመለስበታለሁ አልኩት።

እናቴ ብቻዋን ገባች። ተንሸራታቹ በር ሲከፈት እጀታውን ያዘች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ተቀመጠች። ማንም አልነካትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይሄማ ለኔ የተሠራ ነው» አለች። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ልገዛው ወስኜ ነበር።

የሕፃን ወንበሮቹ ታሰሩ። ትልቋ ልጄ በመሃል አልፋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ቀበቶዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ጎተትን፤ ንጹሕ ናቸው። የግራው በር አቀበት ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። የኋላው ኤሲ ነፋስ ብቻ ነው። ጎማዎቹን መካኒኩ አሳየኝ፤ ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ጎናቸው ላይ ግን 1412 የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሥራ አራተኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ስካነሩ ላይ ስህተት የለም፤ ፈተናዎቹ ግን አንዱም አልተጠናቀቀም።

ይህ ሁሉ ሆኖም በዋጋ የሚስተካከል ነው ብዬ እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ስለ ቺንጋው ወረቀት ጠየቅሁት። ደረሰኝ የለውም። «ግን ተቀይሯል፣ እኔ ልማልልሽ» አለ። መካኒኩ ባትሪውን ወደ ጎን አድርጎ በስልኩ መብራት መክደኛውን ፈለገ። ዘይትና አቧራ የሸፈነው፣ ጥፍር የሚያህል ነጭ ወረቀት ነበር። በጨርቅ ጠረገው። ሻጩ እውነቱን ነው፤ ቺንጋው ተቀይሯል። ከቀኑ ቀጥሎ በእስክሪብቶ የተጻፈው ግን «203,500 ኪ.ሜ.» ይላል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው 178,000 ነው።

መካኒኩ ምንም አላለም። ወረቀቱን አየሁ፣ ባለቤቴን አየሁ። ሻጩ «ስገዛውም እንዲሁ ነበር» አለ። ሊሆን ይችላል። ልወነጅለው አልፈለግሁም።

ዝናብ ያስተማረኝ

ውይ እህቴ። ማይል እና ኪሎሜትር ተምታቶ ይሆን?

ጋሼ መፍቻ

ወረቀቱ ላይ ያለው ማይል ከሆነ ይብሳል፤ ከ327,000 ኪ.ሜ. በላይ ይመጣል። አንድ ንጹሕ ማብራሪያ ብቻ አለ፦ ዳሽቦርዱ ተበላሽቶ በሌላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ያም ከሆነ የተቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር የተጻፈበት ሰነድ ይኖራል። ሰነድ ከሌለ መኪናው ስንት እንደሄደ ማንም አያውቅም። ካንዴላው፣ የካምቢዮ ዘይቱ፣ አሞርዛተሩ፣ ሁሉም መቼ እንደሚቀየር የሚታወቀው በኪሎሜትር ነው። ያለሱ በጭፍን ነው የምትጠግኚው። የጋዝ ፔዳሉን ላስቲክና የመሪውን ቆዳ አይተሽ ነበር?

የመንታ እናት

ወረቀቱን ካየሁ በኋላ አየሁት። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አዲስ ነው፤ ከጋዙ ጋር ቀለሙ አይመሳሰልም። መሪው ልባስ ለብሷል፤ ከሥሩ ቆዳው ተልጧል። እሑድ አልተመለስኩም። ደውዬ አመስግኜ ተውኩት። እናቴ ምንም አላለችም፤ ግን ማታ «በሩ እንዴት ደስ ይል ነበር» አለች።

ሌላ አግኝተናል። ይህም ሲየና ነው፣ የ2010፣ 3.5 ሊትር። 231,000 ኪ.ሜ. ሄዷል። አንድ ባለቤት ብቻ ነው የያዘው፤ እሱም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ያለውን የሰርቪስ ወረቀት በፋይል አስቀምጧል። ባለቤቴ «ኪሎሜትሩ በዛ» ይላል። እናንተስ?

ሦስተኛው ረድፍ

እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ፣ ሳላመነታ።

ከፍ ያለ ወዳድ

ስለ እናትሽ የጻፍሽውን አንብቤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሚኒቫኑን ፈልጊ።

ጋሼ መፍቻ

ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፤ የታወቀ 231,000 ካልታወቀ 178,000 ይሻላል። ይህኛው ሰንሰለት ስላለው የቺንጋው ወጪ የለም። ነገር ግን መጀመሪያ በወጡት 3.5 ሊትር ሞተሮች ላይ አንድ የዘይት ቱቦ ነበር፣ ከፊሉ ላስቲክ የሆነ። ላስቲኩ ሲቀደድ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል። በኋላ ሙሉ በሙሉ ብረት በሆነ ተተክቷል። መካኒክሽ የትኛው እንዳለበት ይይ፤ ላስቲክ ከሆነ መቀየሩ ከባድ አይደለም። የውሃ ፓምፑ ሥር ደግሞ የደረቀ ሮዝ ነጠብጣብ ካለ እያፈሰሰ ነው። ፋይሉን ስታዪ የካምቢዮ ዘይት ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ቁጠሪ። የሞተር ዘይት ሁሉም ይቀይራል፤ የካምቢዮውን የቀየረ ሰው መኪናውን ይወደዋል ማለት ነው።

የመንታ እናት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። አሁን ደውዬለት ነበር። የካምቢዮ ዘይት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ወረቀቱን በፎቶ ልኮልኛል። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀጥረናል። ሞተሩን እንዳያስነሳ ነግሬዋለሁ፤ «እስክትመጡ ቁልፉን እቤት እተወዋለሁ» ብሏል። እናቴም አብራን ትሄዳለች።